መዶሻው ይቆይ፣ ሜትሩ ይቅደም

«ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻችን ጋር የምንኖርበት ቤት ኩሽናው አርጅቷል። የካቢኔቱ በሮች ተንጋደዋል። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው እንጨት አብጦ ይፈረፈራል። አንዱ ቆሞ ሲሠራ ሌላው ማለፍ አይችልም። ሁሉንም በባለሙያ ለማሠራት አቅማችን አይፈቅድም። ባለቤቴ ሥራ ያውቃል፤ የልጆቹን አልጋና የመጽሐፍ መደርደሪያውን የሠራው እሱ ነው። አሁን ‹በሚመጣው ቅዳሜና እሁድ አሮጌውን አፍርሰን እንጀምር› ይላል። ዕቃ ማጠቢያውንም ከመስኮቱ ሥር አንስቶ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ሊያዞረው አስቧል። እኔ ያለ ኩሽና ለወራት እንዳንቀር ፈራሁ። ‹ቆይ› ስለው ‹አታምኚኝም› ብሎ ይከፋዋል። ከየት እንጀምር? የቱን ራሳችን እንሥራ፣ የቱን ለባለሙያ እንተው? ለእሱስ እንዴት ልንገረው? — ግራ የገባት»

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ኩሽናችሁን ራሳችሁ ማደስ ትችላላችሁ። አልጋ ሠርቶ ያቆመ ሰው ካቢኔት መስቀል አያቅተውም። ፍርሃትሽም ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ‹በሚመጣው ቅዳሜ› የሚለው ነው።

አሮጌ ኩሽና ማፍረስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቤተሰብን ለወራት ያለ ኩሽና የሚያስቀረው ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ያዘዛችሁት ካቢኔት ይዘገያል። ሴራሚኩ ትንሽ ይጎድልና ልትገዙ ስትመለሱ «ያ ዓይነት አልቋል» ትባላላችሁ። የገዛችሁት ቧንቧ ከማጠቢያው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። አሮጌው ኩሽና ቆሞ እያለ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ደውሎ መጠበቅ ነው። ከፈረሰ በኋላ ሲሆን ግን በየቀኑ ከውጭ መብላት፣ ዕቃ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማጠብ፣ ከዚያም መነታረክ ይመጣል። ስለዚህ ምክሬ ባጭሩ ይኸው፤ የሚገጠመው ሁሉ ተመርጦ፣ ተለክቶ፣ ተገዝቶ ቤት እስኪገባ ድረስ ከኩሽናው አንድ ብሎን አትፍቱ።

ዛሬ ማታ ልትሠሩት የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። ያ ያበጠው እንጨት። ካቢኔት የሚሠራባቸው ከተፈጨ እንጨት የተጨመቁ ጣውላዎች፣ ቺፑድም ሆነ ኤምዲኤፍ፣ አንዴ ውሃ ጠጥተው ካበጡ ቢደርቁም ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አዲስ ካቢኔት ብትገጥሙበት እሱም ያብጣል። ከማጠቢያው ሥር ያለውን ዕቃ አውጡና ሁሉንም በጨርቅ አድርቁ። ከሲፎኑ (ከማጠቢያው ሥር ካለው ቆልማማ የፍሳሽ ቱቦ) እና ውሃ ከሚያመጡት ጎማዎች ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉ። መጀመሪያ ቧንቧውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ሶፍቱ ከረጠበ ችግሩ ውሃ የሚያመጣው ጎማ ወይም መዝጊያው ላይ ነው። ደረቅ ከሆነ ማጠቢያውን ደፍናችሁ ሙሉትና ውሃውን ባንዴ ልቀቁት። አሁን ከረጠበ ከሲፎኑ መጋጠሚያዎች ወይም ከመውረጃው አፍ ነው የሚያፈሰው፤ ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት መቀየር ይበቃል። አሁንም ደረቅ ከሆነ በማጠቢያው ዙሪያና በቧንቧው ግርጌ ላይ ውሃ አፍስሱ። እዚያ የነበረው ሲሊኮን ከተላቀቀ ዕቃ በታጠበ ቁጥር ውሃው በስንጥቁ ገብቶ በተቆረጠው የእንጨት ጠርዝ ይወርዳል። ይሄኛው ክፉ ነው። ወለሉ ላይ ጠብ ስለማይል ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል።

ግድግዳው ራሱ የሚረጥብ ከሆነ ግን የሚያፈሰው ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ነው። ያኔ ዕቅዱም በጀቱም ከእሱ ይጀምራል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ነገር፣ በእርግጥ ሁሉም መፍረስ አለበት ወይ የሚለው ነው። የተንጋደደ በር ማለት የሞተ ካቢኔት ማለት አይደለም። የካቢኔቱን ጎኖች በስለታም ነገር ጫን እያደረጋችሁ ፈትሹ። ጠንካራ ከሆነ ሳጥኑ ደህና ነው፤ በሮቹን፣ ማጠፊያዎቹንና ላዩን፣ ማለትም የሚሠራበትን ገጽ፣ ብቻ ቀይሮ አዲስ ኩሽና ማግኘት ይቻላል። ከወጪ አንጻር ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ አላውቅም። አዳዲሶቹ ማጠፊያዎች በሩን ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ውስጥ የሚያስተካክሉ ብሎኖች አሏቸው፤ አንዳንዴ አንድ ዙር ማዞር ብቻ በሩን ያቃናዋል። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ቀጫጭን የእንጨት ስንጣሪ በእንጨት ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳውን ሙሉት። ሲደርቅ ትርፉን ቁረጡና ብሎኑን መልሳችሁ አስገቡ፤ ይይዛል። ባለቤትሽ ይህን አንድ ምሽት በአንድ በር ላይ ይሞክረውና ውጤቱን አይታችሁ ወስኑ። ከማጠቢያው ሥር ያለው ሳጥን ግን ይቀየር።

አሁን ወደ ዕቅዱ። ለአንድ ሳምንት ያህል ስትሠሩ ራሳችሁን አስተውሉ። ሽንኩርት የምትከትፊው የት ነው? ከፍሪጅ የወጣ ዕቃ የት ያርፋል? ትኩስ ድስት ይዘሽ ስንት እርምጃ ትሄጃለሽ? ልጆቹ ውሃ ለመጠጣት ሲገቡ ከየትኛው ጥግ ጋር ትጋጫላችሁ? ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 የፍራንክፈርት ኩሽና የተባለውን ስትነድፍ የተነሣችው ከዚሁ ጥያቄ ነበር፤ የምታበስል ሴት በአንድ ቀን ምን ያህል ትመላለሳለች? ያ ኩሽና 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ግን ሁሉም ነገር እጅ ሲዘረጋ የሚደረስበት ነው። ዛሬ ተገጣጣሚ የምንለው ኩሽና የእሱ ልጅ ነው። የናንተም ጠባብ ስለሆነ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

ባለሙያዎች ከማጠቢያው፣ ከምድጃውና ከፍሪጁ መካከል ያለውን ሦስት ማዕዘን ይለካሉ። ሦስቱ ጎኖች ተደምረው ከ4 እስከ 8 ሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እያንዳንዱ ጎን ደግሞ ከ1.2 እስከ 2.7 ሜትር። ጥሩ መነሻ ነው፤ ሕግ ግን አይደለም። እኔ ከእሱ ይልቅ የማየው በማጠቢያውና በምድጃው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነው። የሚከተፈውም፣ የሚቦካውም፣ የሚቀርበውም እዚያ ላይ ነው። ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከተቻለ 90 ይኑረው። ከፍሪጁ አጠገብም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ማሳረፊያ ተዉ። መተላለፊያው ለአንድ ሠሪ 1 ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ 1.2 ሜትር ይሁን።

ቁመቱን በተመለከተ የተለመደው 90 ሴንቲ ሜትር ነው። አንቺ ግን ክንድሽን አጥፈሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚና ከወለሉ እስከ ክርንሽ ይለካ። ከእሱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ላንቺ ወገብ የሚስማማው ቁመት ነው። ራስ አሠርቶ የመግጠም ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ለማይታወቅ ሰው ቁመት የተሠራ ኩሽና ላይ ዕድሜ ልክ ጎንበስ ማለት የለብሽም።

ልኬቱ ላይ አትቸኩሉ። የግድግዳውን ርዝመት በአንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። ከወለሉ አጠገብ፣ በካቢኔቱ ቁመትና ከራስ በላይ ለኩና ትንሹን ቁጥር ያዙ፤ ቀጥ ያለ የሚመስል ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ አይደለም። ጥጉ እውነት ዘጠና ዲግሪ መሆኑን ለማወቅ ከጥጉ ተነስታችሁ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው በትክክል 100 ከሆነ ጥጉ ልክ ነው። ከበለጠ ወይም ካነሰ ካቢኔቱ ከግድግዳው ጋር ክፍተት ይፈጥራል፤ ያንን የሚሸፍን ጠባብ ጣውላ ከአሁኑ እዘዙ። መስኮቱን፣ ሶኬቶቹን፣ የውሃ መግቢያና መውጫውን፣ የበሩን አከፋፈት ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ባለ ካሬ መስመር ደብተር ላይ 1 ሜትሩን በ5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሣሉት።

ንድፉ ወረቀት ላይ ሲያልቅ ሥዕሉን በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይና ግድግዳው ላይ በእውነተኛ መጠኑ ለጥፉት። በተለጠፈው መካከል ተመላለሱ። የምድጃው በር ሲከፈት የሚደርስበትን ምልክት አድርጉና አንዳችሁ እዚያ ቁሙ፤ ሌላው ማለፍ ይችላል? በዚህ መንገድ የሚገኝ ስህተት በእርሳስ ይታረማል።

ማጠቢያውን ስለማዞር የጠየቅሽኝ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። አታዙሩት። ንጹህ ውሃ በግፊት ስለሚሄድ ቧንቧው የትም ሊወሰድ ይችላል። ፍሳሽ ግን የሚሄደው ቁልቁል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። 3 ሜትር ካራቃችሁት ከመነሻው እስከ መድረሻው 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ያስፈልጋል፤ ያ ማለት ወለል መስበር ነው። ተዳፋቱ ካነሰ ደግሞ ቅባቱ እየረጋ ይደፈንና በየጊዜው ትቸገራላችሁ። በዚያ ላይ የመስኮቱ ብርሃን አለ። ዕቃ ስታጥቢ ውጭ የምታይበትን ቦታ ለባዶ ግድግዳ አትለውጪው።

ባለቤትሽ ማጠቢያውን ማዞር የፈለገው፣ እንደ ደብዳቤሽ ከሆነ፣ ማለፊያ ስለጠፋ ይመስለኛል። ለዚያ ሌላ መፍትሔ አለው። የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ማጠቢያና ምድጃ የሌለበት ወገን 40 ወይም 45 ቢሆን መተላለፊያው ባንዴ ይሰፋል፤ ከኋላ ተደብቆ የሚረሳ ዕቃም አይኖርም። ፍሪጁን ወደ በሩ አጠገብ ማምጣትም ይረዳል። ልጆቹ ለመጠጥ ሲመጡ እስከ ምድጃው ድረስ አይገቡም።

ለባለሙያ የሚተወውን ልዘርዝርልሽ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። የኤሌክትሪክ ሥራ አንዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። የኩሽና ሶኬቶች ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር ያህል ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈስ ወዲያው በሚቆርጥ መከላከያ ሥር መሆን አለባቸው፤ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸውና። ባለቤትሽ ሶኬት የት የት እንደሚያስፈልግ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርግ፣ ሽቦውን ኤሌክትሪሻን ይዘርጋው። ጋዝም እንደዚሁ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩን ካቢኔት ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ከግርጌው አየር መውጫ ይኑረው። መጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ ፈትሹ፤ አረፋ ከሠራ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ቤታችሁ አይግባ። ግድግዳ ማፍረስ ካሰባችሁም ግድግዳው ሸክም የተሸከመ ይሁን አይሁን የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያየው አትንኩት።

የላዩ ድንጋይ ይቆረጥ ዘንድም ልኩን ለሚቆርጠው ስጡ እንጂ እቤት አትቁረጡ። ኳርትዝ የሚባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል፤ የማይድን በሽታ ነው። አውስትራሊያ በቆራጮቹ ላይ በደረሰው ጉዳት የተነሣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ አግዳለች። ሴራሚክም ሲቆረጥ ውሃ እየጠጣ ይቆረጥ፤ ማስክም አይረሳ። ቤቱ በጣም ያረጀ ከሆነ ደግሞ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት፣ የድሮ የፕላስቲክ ወለል ንጣፍና ኮርኒስ ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ የተባለው ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ ሊኖር ይችላል። በደረቁ አትፋቁት፣ አትስበሩት። ማስመርመር ከተቻለ አስመርምሩ። ትንንሽ ልጆች አሏችሁና ይህን ደግሜ እለምንሻለሁ።

የቀረው የእናንተ ነው፤ የቀረውም ብዙ ነው። ከማፍረሱ በፊት ሌላ ክፍል ውስጥ ጊዜያዊ ኩሽና አቋቁሙ። ፍሪጁ፣ አንድ ትንሽ ምድጃ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሳፋ። ሁለት ቀን ሞክሩት፤ የጎደለው ያኔ ይታወቃል። ከዚያ ውሃውን ከዋናው ዝጉ፣ ብሬከሩን አጥፉ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ አፍርሱ። ቀጥሎ የቧንቧና የሽቦ ሥራ፣ የግድግዳ ልስን፣ የመጀመሪያው ቀለም፣ ወለሉ፣ ካቢኔቱ፣ ላዩ፣ የግድግዳው ሴራሚክ፣ ቧንቧው፣ በመጨረሻም የመጨረሻው ቀለም። ግድግዳው ሳይዘጋ የቧንቧውንና የሽቦውን አካሄድ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። በኋላ ድሪል ይዛችሁ ስትቆሙ ይህ ፎቶ ያድናችኋል።

ካቢኔት ሲሰቀል የላይኛው ይቅደም፤ የታችኛው ከተገጠመ በላዩ ላይ መንጠልጠል ያደክማል። መጀመሪያ የወለሉን ከፍተኛ ቦታ በውሃ ልክ ፈልጉ። ሁሉም ቁመት የሚለካው ከዚያ ነው። ከዝቅተኛው ከጀመራችሁ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ካቢኔቱ አይገባም። ከዚያ ነጥብ ተነስታችሁ የታችኛውን ካቢኔት ከነላዩ ቁመት፣ በእሱ ላይ ደግሞ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ግድግዳው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በመስመሩ ልክ ቀጥ ያለ ጣውላ ለጊዜው በብሎን ግጠሙ። ካቢኔቱ እሱ ላይ ይቀመጣል፤ ክብደቱን ጣውላው ይይዘዋል፣ ባለቤትሽ ደግሞ ተረጋግቶ ይበሳል። በሮቹን አስቀድማችሁ አውልቁ፤ ይቀላል። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሳጥኖች ፊታቸውን አስተካክላችሁ በማጥበቂያ ብረት (ክላምፕ) እሰሩና እርስ በርስ አያይዟቸው፤ ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ የምትጨርሱት ከዚያ በኋላ ነው። ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑ እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ፣ እንደ ግድግዳው ዓይነት ይመረጥ። ለኮንክሪት የሚሆነው ለቦሎኬት ባዶ ሆድ አይሆንም፤ ለጂፕሰም ደግሞ ጨርሶ የተለየ ነው። ሳህን የሞላ ካቢኔት ከባድ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ልጆች አሉ።

ለማጠቢያው የተቆረጠውን ቀዳዳ ጠርዝ ማጠቢያው ከመግባቱ በፊት ዙሪያውን በቫርኒሽ ወይም በሲሊኮን ድፈኑት። አሮጌውን ያሳበጠው ይህ ጠርዝ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ከላዩና ከግድግዳው ሴራሚክ መጋጠሚያ ላይም በሴራሚኮቹ መካከል የሚገባውን ሲሚንቶ መሰል መሙያ አታስገቡ። ሁለቱ በሙቀትና በክብደት የሚንቀሳቀሱት ለየብቻ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ እዚያ ሲሊኮን ነው የሚሆነው። ሴራሚኩን ከልኩ 10 በመቶ ጨምራችሁ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ከለጠፋችሁ በኋላ መሙያውን ለማስገባት አንድ ቀን ጠብቁ።

ገንዘቡን ስትመድቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ከግድግዳ ኋላ ለሚገኝ ነገር አስቀምጡ። ጥሩ ነገር ግዙ የምላችሁ በየቀኑ ለሚንቀሳቀሰው ነው፤ ማጠፊያ፣ የመሳቢያ ሐዲድ፣ ቧንቧ። እጀታና ቀለም በማንኛውም ጊዜ ይቀየራል።

ወደ ባለቤትሽ እንምጣ። ‹ቆይ› አትበዪው። ሥራ ለመጀመር የጓጓ ሰው ‹ቆይ› ሲባል የሚሰማው ‹አትችልም› የሚለውን ነው። ቅዳሜውን አትንጠቂው፤ ሌላ ሥራ ስጪው እንጂ። «መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚያፈስ አንተ ፈልግልኝ፣ ከዚያ አብረን እንለካ» በዪው። እሱ ይለካ፣ አንቺ ጻፊ፣ ሥዕሉን አብራችሁ ሣሉ። የፍሳሹን ተዳፋት በቃል ከምትከራከሩበት ሥዕሉ ላይ አስልታችሁ እዩት፤ ቁጥሩን ሲያይ ራሱ ይተወዋል ብዬ አምናለሁ። ስትለያዩ ደግሞ ይህን ተስማሙ፤ የት ምን ይቀመጥ የሚለውን አብዝቶ የሚያበስለው ይወስን፣ እንዴት ይገጠም የሚለውን የሚገጥመው ይወስን። ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚሠራ ባለሙያ እጅግ የረዘመ ጊዜ እንደሚፈጅበትም ሁለታችሁም ከአሁኑ ተቀበሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን የሚይዝላችሁ ሰው ካለ ጥሩ ነው። ሜትር፣ እርሳስ፣ ደብተርና የወረቀት ፕላስተር ይዛችሁ ግቡ። ከመስኮቱ ግድግዳ ጀምሩ፤ ቧንቧውም ፍሳሹም እዚያ ስለሆነ የሌላው ሁሉ ቦታ የሚወሰነው ከእሱ ነው። ሥዕሉን ስትጨርሱ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ካቢኔቱን ከማዘዛችሁ በፊት አብረን እናየዋለን።